ለኤሊዋ የተሰጠው ፀሐይ

አያ ካሣው ማረፋቸውን የሰማሁት ግድግዳዬን ተደግፌ የጠዋት ፀሐይ ስሞቅ ነው። ልጄ ብርቄ ስልኳን በእጇ እንደያዘች ከቤት ወጣችና «እማዬ፣ ተነሽ ወደ ቤት ግቢ፣ የምነግርሽ አለ» አለችኝ። መርዶ መሆኑ ገባኝ። በደህና ቀን ወደ ቤት ግቢ የሚለኝ የለም። «እዚሁ ንገሪኝ» አልኳት። ነገረችኝ። የእህታቸው ልጅ ነው ከቆላ የደወለው። አለቀስኩ። ጥቂት ቆይታ ልትደግፈኝ እጇን ዘረጋችልኝ።

«ተይኝ፣ ገና አልጨረስኩም» አልኳት።

የቀረኝ ልቅሶ መስሏት አብራኝ ቁጭ አለች። የቀረኝ ፀሐይ ነበር። ሳልጨርስ ብነሣ አያ ካሣው ባሉበት ሆነው ይቆጡኛል።

የሥጋ ዘመዴ አይደሉም። በደርግ ጊዜ እዚሁ ላሊበላ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ ድሬሰር ነበሩ። ቁስል ያጥባሉ፣ መርፌ ይወጋሉ፣ ስብራት ያስራሉ፣ ሲቸግር ጥርስም ይነቅላሉ። ሐኪም የሚባለው ሰው ከሩቅ መጥቶ ቶሎ የሚመለስ እንግዳ ስለነበር አገሬው «ዶክተር» የሚላቸው እሳቸውን ነው።

«ዶክተር አይደለሁም፣ ድሬሰር ነኝ» ይላሉ።

«እሺ ዶክተር» ይላል በሽተኛው።

በዚህ ነገር ስንት ዓመት ተከራከሩ፤ አንድም ቀን አልረቱም።

እኔ የጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። ወለል እጠርጋለሁ፣ አንሶላ አጥባለሁ፣ ውኃ እቀዳለሁ። የበሽተኛ ተራ ማስጠበቅ ሥራዬ አልነበረም፤ ነገር ግን ተራ ሲጣስ እያየሁ መጥረግ አልችልም። አንድ ቀን አንድ የቀበሌ ሹም ደረቱን ነፍቶ፣ ከገነተ ማርያም በእግራቸው የመጡ አሮጊት አልፎ ሊገባ ሲል መጥረጊያዬን በሩ ላይ ጋረጥኩበት።

«ማን መሆኔን ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«አሳምሬ! ዘጠነኛው ነህ» አልኩት።

አያ ካሣው ከውስጥ ሰምተዋል። «ዘጠነኛው ይቆይ፣ አንደኛዋ ትግባ!» ብለው ተጣሩ። የዚያን ቀን ወደድኳቸው። በኋላ የከሰስኳቸውም ስለምወዳቸው ነው፤ የማልወደውን ሰው ለመክሰስ አልደክምም።

ረዥም ቀጭን ሰው ነበሩ። የተወለዱት በአዋሽ ወንዝ ዳር፣ በቆላ ስለሆነ የላስታ ብርድ አጥንታቸው ውስጥ ገብቶ አልወጣም። ወፍራም ካፖርታቸውን በቀትርም አያወልቁትም። ሁሉን ነገር የሚለኩት በእጃቸው ጀርባ ነው። የሕፃን ግንባር፣ የዳቦ ቅርፊት፣ የተቀዳ ውኃ፣ የድንጋይ አግዳሚ፣ ብቻ ያገኙት ነገር ላይ የእጃቸውን ጀርባ ጣል ያደርጉና ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው «እም…» ይላሉ። አገሬው ደግሞ መርፌ ካልተወጋ የታከመ አይመስለውም። «ዶክተር፣ እባክዎ አንዲት መርፌ!» ብሎ የለመናቸውን አንድ ገበሬ ከላይ እስከ ታች አይተው፣ «መርፌውን ከነክሩ ልስጥህ፣ የታመመው ሱሪህ ነው» ብለውት እሱ ራሱ እየሳቀ ወጥቷል።

ኤሊዋን ያመጣላቸው መድኃኒት የሚያደርሰው መኪና ሾፌር ነው። በአዋሽ በኩል ሲያልፍ ከመንገድ ዳር አንሥቷት «ዶክተር፣ የአገርዎን ሰው አመጣሁልዎ» ብሎ በካርቶን አስረከባቸው። የእጅ መዳፍ የምታክል የውኃ ኤሊ ናት። መኪናው ከቀጠሮው ሁለት ሳምንት አሳልፎ ስለመጣ ስሟን «ዘገየች» አሏት።

እኔ መጀመሪያ ስጠላት ለጉድ ነው። የእንቁራሪት እግር፣ የእባብ አንገት፣ ጀርባዋ ደግሞ የተደፋ ሳህን። አያ ካሣው ግን እንደ እንግዳ ተቀበሏት። ብርድ እንዳይገድላት ብለው ሳፋ ውስጥ ውኃ አድርገው መርፌ ክፍሉ ውስጥ፣ ከመስኮቱ መስታወት ሥር አስቀመጧት። መስኮቱ ተዘግቶ ይውላል፤ ክፍሉ ይሞቃል፤ ሥጋ ከትፈው ይሰጧታል። እሷ ግን ከቀን ወደ ቀን ትጠወልጋለች። ዓይኗ አበጠ፣ ሥጋውን ተወችው። ጀርባዋን በአውራ ጣት ሲጫኑት እንደ እርጥብ ቆዳ ይረግባል።

«ብርድ ሳይነካት፣ ጥጋብ ሳይጎድላት ምን ሆነች?» እያሉ በተቀመጡበት ይብሰለሰላሉ።

ነገሩን የፈታሁት እኔ ነኝ፤ ሳላውቅ። አንድ ጠዋት መስኮቱን ስወለውል የታችኛውን መስታወት ሰበርኩት። የመንግሥት መስታወት! ደመወዜ ሲቆረጥ ታየኝ። አያ ካሣው ድምፁን ሰምተው እየሮጡ መጡ፤ መስታወቱን ግን አላዩትም። በተሰበረው በኩል ፀሐይ ቀጥ ብላ ገብታ፣ ዘገየች ሳፋው ውስጥ በተደፋ ኩባያ ላይ ወጥታ፣ አንገቷን ወደዚያ ዘርግታ ነበር። እንደዚያ ስትንጠራራ አይተናት አናውቅም።

ግንባራቸውን መቱ። «ምን ዓይነት ጅል ነኝ! ልጅ ሆኜ አዋሽ ዳር ስንት ሺህ ጊዜ አይቻቸዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ግንድ ላይ ወጥተው፣ ድንጋይ ላይ ወጥተው ተደርድረው ነው የሚሞቁት። ከመስታወት ኋላ የተቀመጠ ኤሊ መቼ አየሁ? እኔ የሰጠኋት ሙቀት ነው። ሙቀት ሌላ፣ ፀሐይ ሌላ!»

ይህች ቃል ከዚያ በኋላ ከአፋቸው አልጠፋችም። «ሙቀት ሌላ፣ ፀሐይ ሌላ።» ስለ መስታወቱም አለቆቻቸው ሲጠይቋቸው «ለሕክምና ተሰበረ» ብለው ጻፉልኝ።

በማግስቱ ግማሽ በርሜል ግቢው ውስጥ አስቀበሩ። ከዚያ አንድ ድንጋይ ጠራቢ አስጠሩና ከቀዩ ድንጋያችን ጠፍጣፋ፣ ባንድ ጎኑ እንደ ቁልቁለት ወደ ውኃው የሚወርድ መቀመጫ አስጠረቡ። ጠራቢው «ዶክተር፣ አባቶቻችን በዚህ ድንጋይ ለእግዜር ቤት ጠረቡ፣ እኔን ለኤሊ ያስጠርቡኛል?» ቢላቸው «እሷንስ የጠረባት ማን ሆነና?» አሉት። ጠረበ። ቁልቁለቱንም ጥፍሯ እንዲይዝ ብሎ በራሱ ሐሳብ ሻካራ አደረገው።

ታዲያ በኛ አገር ፀሐይ እንደ ቆላ አትቸኩልም። ከአሸተን ተራራ ጀርባ ዘግይታ ነው የምትወጣው፤ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥም መጀመሪያ የምትደርሰው አንዲት ማዕዘን ላይ ብቻ ነበር። እዚያች ማዕዘን ላይ የበሽተኞች አግዳሚ ወንበር ነበረች። አያ ካሣው ወንበሯን አስነሥተው ወደ ማዶው ግድግዳ፣ ወደ ጥላው አዞሯትና በቦታዋ ኤሊዋን ከነድንጋይዋ አስቀመጡ። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ፤ እኔም ያኔውኑ ልብ ብያታለሁ።

ዘገየች ከዚያ በኋላ ሌላ ፍጥረት ሆነች። ፀሐይ ከአሸተን ብቅ ስትል ከውኃው ትወጣለች። መጀመሪያ ዙሪያዋን ታያለች። ከዚያ ጀርባዋን ታደርቃለች። ከዚያ፣ ሰላም መሆኑን ስታምን፣ የኋላ እግሮቿን ወደ ኋላ ትለቃለች፤ ጣቶቿን እንደ ማራገቢያ ከፍታ፣ አንገቷን እስከ መጨረሻው አውጥታ፣ እንደ ባላባት ትዘረጋለች። ሰው ቀርቦ ካስደነገጣት ተንሸራታ ውኃ ውስጥ ትገባለች፤ ስለዚህ አያ ካሣው «በፀሐይዋ ሰዓት ማንም እንዳይጠጋት» ብለው አወጁ። በአንድ በኩል የባሕር ዛፍ ቅጠል ጣል አድርገው ጥላ ሠሩላት። «ፀሐይ የሰጠ ጥላም መስጠት አለበት። ሲበቃት የምታውቀው እሷ ናት» ይሉ ነበር። ፀሐይዋ ስትጠነክር ተነሥታ ወደ ጥላው፣ ወይም ወደ ውኃው ትገባለች። ወደ ማታ ብርዱ ሳይመጣ ጭድ በተጎዘጎዘ ሣጥን ወደ ቤት ያስገቧታል። ወራት አልፈው ጀርባዋን በአውራ ጣቴ ብጫነው የበር ሳንቃ ሆኖ ጠበቀኝ። ዓይኗም ጠራ፣ ሥጋ ይዘው ሲጠጓትም ጣት ትነክሳለች።

እንግዲህ ስለ ብርቄ መናገር አለብኝ። ያኔ ሁለት ዓመት አልፏት አትቆምም ነበር። እግሮቿ ጎብጠዋል፤ ላቁማት ስል እንደ ጨርቅ ይታጠፋሉ። አባቷ ለግዳጅ ተወስዶ ወሬው ጠፍቷል። ጎረቤት አንዱ ዓይን ነው ይላል፣ አንዱ ምች ነው ይላል። እኔም ከዓይንም ከምችም ልጠብቃት ብዬ ከጓዳ አላወጣትም። እናቴ ትይዛታለች፣ በጋቢ ጠቅልላ፣ በሩን ዘግታ። ሌት ተቀን የማስበው ይህችን ልጅ ብቻ ነበር፦ ትሄድ ይሆን፣ ወይስ ዕድሜዋን ሙሉ ተሸክሜያት እኖር ይሆን?

አያ ካሣው አንድ ቀን ቤቴ ድረስ መጥተው አዩዋት። የእጃቸውን ጀርባ ጉልበቷ ላይ አሳረፉ።

«ይታይሽ፣ ይህችን ልጅ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቂያት። እንቁላልም ወተትም ያገኘሽውን ስጫት። አጥንቷ ፀሐይ ነው የሚፈልገው።»

«ቤቴ ሙቅ ነው፣ አያ ካሣው።»

«ሙቀት ሌላ፣ ፀሐይ ሌላ።»

«ልጄ ኤሊ አይደለችም!»

«ኤሊዋማ ተሻላት» አሉ።

ይህ አናደደኝና የማይባል ተናገርኩ። «አንቱ ልጅ አልወለዱ! ምች ልጅን እንዴት እንደሚያደርግ በምን ያውቃሉ?»

ልጅ እንደሌላቸውና እንዳልሆነላቸው አውቅ ነበር። ካፖርታቸውን ሰብሰብ አድርገው «እውነትሽን ነው» ብለው ወጡ። ያን ቃል ዛሬም ብውጠው አይወርድልኝም።

ጥቂት ቆይቶ ክትባት ሊሰጡ ወደ ሙጃ ለሦስት ቀን ሄዱ። ዘገየችን አደራ ያሉት ለእኔ ነው። «ምንም አታድርጊ። ውኃዋን ቀይሪ፣ ሥጋዋን ጣይላት፣ የቀረውን ታውቅበታለች» አሉኝ።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ስጠርግ ቆይቼ ብመለከት፣ ዘገየች ድንጋይዋ ላይ አንገቷን ጥላ፣ እግሯን ወደ ኋላ ዘርግታ፣ ዓይኗን ከድና፣ አፏን ከፍታለች። በፀሐይዋ ሰዓት ከሩቅ እንጂ እንዲህ ቀርቤ አይቻት አላውቅም። ምች መቷታል! አደራ በእጄ ላይ ልትሞት ነው! መጥረጊያውን ጣልኩና ከአጥር ሥር ዳማከሴ ቀጥፌ፣ በመዳፌ አሽቼ፣ ጭማቂውን አፍንጫዋ ላይ ጠብ አደረግሁላት። ያን ጊዜ እግሯንም አንገቷንም ሸክፋ ገባች። «እሰይ፣ ነፍስ ዘራች!» አልኩ። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ መድኃኒት ክፍል፣ ጨለማው ውስጥ አስተኛኋት። ሦስት ቀን ሙሉ እንደ አራስ ነው የጠበቅኋት። ዳማከሴውንም ጠዋትና ማታ አልነፈግኋትም።

አያ ካሣው ከሙጃ ሲመለሱ በኩራት ወስጄ አሳየኋቸው። የእጃቸውን ጀርባ ጀርባዋ ላይ አደረጉ። ድንጋይ ሆናለች፣ ቀዝቅዛ። ሥጋ ቢሰጧት አልነካ አለች። ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አየሁ።

«ምን አደረግሽ?»

«ምች መቷት ነበር፣ አዳንኳት።»

«ምች? እሷ እኮ ደስ ሲላት ነው እንዲያ የምትዘረጋው! ይታይሽ፣ ፍርድ ታውቃለች እያልኩ በየሰዉ ፊት አወራልሻለሁ። ይህች ፍጥረት በዚህ ዓለም ያላት አንድ ድንጋይና አንድ ፀሐይ ነው። እሱንም ነጠቅሻት!»

ነጠቅሻት! እኔን! ሌባ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ሦስት ቀን እንቅልፍ አጥቼ ላስታመምኳት! ወጣሁ። ግቢው ውስጥ በሽተኞቹ በጥላው አግዳሚ ላይ ተኮማትረው፣ ማዶ ደግሞ ባዶው የኤሊዋ ድንጋይ በፀሐይ ሲያበራ አየሁ። ነጣቂ ማን እንደሆነማ አሳያቸዋለሁ ብዬ በቀጥታ ወደ ቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ሄድኩ። ማመልከቻዬን በቃሌ ተናገርኩ፣ ጸሐፊው ጻፈው። እዚያ እስክደርስ ብስጭቴ ይበርዳል ያለ ካለ እኔን አያውቀኝም።

የሸንጎው ሰብሳቢ አያ በላይ የሚባሉ ሸማኔ ነበሩ። «ጓድ ሰብሳቢ» በሉኝ ይላሉ፤ ሁሉም «እሺ አያ በላይ» ይላቸዋል። መነጽራቸው አንድ ክንፉ ተሰብሮ በፈትል ታስሯል። በችሎቱ ቀን የሰፈሩ ሰው ሁሉ መጣ። ኤሊ የተከሰሰችበት ችሎት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልታየም። አያ ካሣው ዘገየችን በካፖርታቸው ኪስ ይዘው ቀረቡ። ከሳምንት ፀሐይ በኋላ ደህና ሆናለች፤ አንገቷን ከኪሱ አውጥታ ሸንጎውን ታያለች።

አያ በላይ መነጽራቸውን አስተካክለው ጀመሩ። «አመልካች ይታይሽ፣ አቤቱታሽ ምንድን ነው?»

«ጓድ ሰብሳቢ! ሰው በጥላ፣ አውሬ በፀሐይ ተቀምጧል! የበሽተኛ አግዳሚ ተነሥቶ ቦታው ለኤሊ ተሰጥቷል። ይህ ፍርድ ነው?»

«አይደለም!» አለ ሕዝቡ።

«ጸጥታ! ጓድ ካሣው፣ ይህች ኤሊ…» አያ በላይ ትንሽ አሰቡ፤ የጊዜው ወግ ነውና ይህንንም መጠየቅ ነበረባቸው። «መደቧ ምንድን ነው?»

አያ ካሣው ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት። «ጭቁን ናት፣ ጓድ ሰብሳቢ። ያላት አንዲት ቤት ብቻ ናት፤ እሷንም ራሷ ተሸክማ ትዞራለች። ትርፍ ቤት የላትም።»

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። ጸሐፊው እንኳ ብዕሩን ጣለ። እኔ ግን አልሳቅሁም። «ሳቁ! እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ለእሷ የተሰጠው ሁሉ እኩል ይሰጠን! የእሷ ፀሐይ ከእኛ ፀሐይ እንዳይበልጥ! ከዚህ ሌላ አልልም።»

አያ ካሣው እጃቸውን አወጡ። «ጓድ ሰብሳቢ፣ አመልካችን አንዲት ጥያቄ ብጠይቅ?»

«ይጠይቁ።»

ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው የዋህ ነው፤ እንደዚያ የዋህ ሲሆኑ መጠርጠር ነበረብኝ። «ይታይሽ፣ ‹ይሰጠን› ስትይ ልጅሽንም ይጨምራል?»

«እንዴታ! ልጄ ከኤሊ ታንሳለች?»

«ከዚህ ሌላ ጥያቄ የለኝም» ብለው ተቀመጡ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ልጄ ከኤሊ ታንሳለች ልበል?

አያ በላይ አብረዋቸው ከተቀመጡት ሁለት ዳኞች ጋር ተንሾካሾኩና ውሳኔውን እያነበነቡ ለጸሐፊው አስጻፉ። «አመልካች በጠየቀችው መሠረት፣ አንደኛ፣ የበሽተኞች አግዳሚ ከኤሊዋ ድንጋይ አራት እርምጃ ርቆ ወደ ፀሐዩ ይመለስ፤ ተቀማጮቹም ጸጥታ ያክብሩ። ሁለተኛ፣ ለኤሊዋ የሚሰጠው ፀሐይ ሳይጓደል ለአመልካች ልጅ ለብርቄም በየቀኑ እኩል ይሰጥ። አፈጻጸሙን አመልካች ራሷ ትከታተል።» ማኅተም ቧ!

ከሰስኩ፣ ረታሁ፣ በረታሁትም ታሠርኩ።

ውሳኔን የማላከብር ሰው አይደለሁም። በማግስቱ ብርቄን አዝዬ ጤና ጣቢያ መጣሁ። ራሷን በሻሽ ጠቅልዬ፣ እግሯን ገልጬ፣ ከድንጋይዋ ራቅ ብዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። በቀሚሴ ኪስ የታሸ ዳማከሴ ይዣለሁ፤ ሸንጎው ፀሐይ ፈረደ እንጂ ዳማከሴ አልከለከለም። እናቴ ቤት ቀርታ እያለቀሰች ነው። ብርቄ ብርሃኑን ስታይ ዓይኗን በሁለት እጇ ሸፈነች። ከዚያ ጣቷን ትንሽ ከፈት አድርጋ አየች። ዘገየች ከውኃው እየወጣች ነበር።

«መቼ ነው የሚበቃት?» ስል አያ ካሣውን ጠየቅኋቸው።

«ውሳኔው እኩል ነው የሚለው። ዘገየች ስትነሣ ተነሺ።»

እንዲህ ሆኖ ኤሊዋ ሰዓታችን ሆነች። እሷ ስትወጣ እንወጣለን፤ ፀሐይዋ ከርራ ወደ ጥላዋ ስትገባ እኛም እንገባለን። አንዳንድ ቀን ቶሎ ትገባለች፣ እኔ ደስ ይለኛል። አንዳንድ ቀን ትዘገያለች፣ እኔ «ኧረ ተነሽ አንቺ ሴት!» እያልኩ በሆዴ እቆጣለሁ፤ ጮክ ብዬ እንዳልናገር ጸጥታ ታዟል። በሽተኞቹ ሳይቀሩ በሹክሹክታ ነበር የሚያወሩት። ከሩቅ የመጣ ሰው ግቢያችንን ደጀ ሰላም መስሎት ነጠላውን አጣፍቶ ይገባ ነበር።

ምች አልመጣም። አንድ ሳምንት ጠበቅሁት፣ ሁለት ሳምንት ጠበቅሁት፤ ዳማከሴው ኪሴ ውስጥ ደረቀ። ብርቄ ግን አንድ አመል አመጣች፤ ዘገየች እግሯን ወደ ኋላ ስትዘረጋ እሷም በሆዷ ተኝታ እግሯን ትዘረጋለች፣ ጣቷንም ትከፍታለች። አያ ካሣው በመስኮቱ ያዩና ካፖርታቸው ውስጥ ሆነው ይንፈቀፈቃሉ። በየጊዜው የእጃቸውን ጀርባ መጀመሪያ ድንጋዩ ላይ፣ ከዚያ ኤሊዋ ጀርባ ላይ፣ ከዚያ የብርቄ ጉልበት ላይ ያሳርፋሉ። «እም…» ይላሉ።

የጀመርነው መስከረም ነው፤ ይህ የሆነው ጥምቀት ሊደርስ ሲል ነው። የጠዋቱ ፀሐይ ጠንክራ ዘገየች ድንጋይዋን ለቃ መሬት ወረደችና ወደ አጥሩ ጥላ በእግሯ መሄድ ጀመረች። እኔ አንሶላ ለማስጣት ጀርባዬን ሰጥቻለሁ። አግዳሚው ላይ ያሉት በሽተኞች በአንድ ጊዜ ትንፋሻቸውን ሲውጡ ሰማሁ። ዞር አልኩ። ብርቄ የኤሊዋን ድንጋይ ይዛ ቆማለች። ድንጋዩን ለቀቀች። አንድ እርምጃ። እግሮቿ ተንቀጠቀጡ፣ አልታጠፉም። ሁለተኛ። ዘገየችን ተከትላ ወደ ጥላው እየሄደች ነው፤ ኤሊዋ በራሷ ዝግታ፣ ልጄም በኤሊዋ ዝግታ።

ልጮህ ስል አያ ካሣው ከበሩ ላይ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉብኝ። «ጸጥታ ታዟል» አሉኝ በሹክሹክታ። እንባቸው ግን ካፖርታቸው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ከበሽተኞቹም አንድ ሰው እልል አላለም፤ ሁሉም አፉን በነጠላው ይዞ እያለቀሰ ሳቀ። እንደዚያ ያለ ዝም ያለ እልልታ ሰምቼ አላውቅም።

ጥላው ሥር ደርሳ ዘጭ አለች። ሄጄ አነሣኋትና ይዣት አያ ካሣው ፊት ቆምኩ። «ያን ቀን ስለ ልጅ የተናገርኩት…» አልኩ፤ አላስጨረሱኝም።

«ክሱ ተዘግቷል» አሉ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ አገራቸው ወደ ቆላ ተዛወሩ። ዘገየችን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ካፖርታቸውን ደርበውላት መኪና ውስጥ ገቡ። ሲሰናበቱኝ «አሁን እንኳ ካፖርቱን ላወልቀው ነው» አሉኝ። ድንጋዩን ለእኔ ተዉልኝ። ለአራት ሆነው ተሸክመው ደጄ ድረስ ያመጡልኝ የአግዳሚዋ በሽተኞች ናቸው።

የሸንጎውን ወረቀት እስካሁን ሣጥኔ ውስጥ አለኝ። መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል ከለየሁ በኋላ ከላይ እስከ ታች በራሴ ያነበብኩት የመጀመሪያ ጽሑፍ እሱ ነው። «ሳይጓደል» የምትለዋ ቃል ላይ ብዙ ተንገዳግጃለሁ። ብርቄ አሁን ፈረንጅ አስከትላ አሸተንን ወጥታ ትወርዳለች፤ ፈረንጁ ቁና ቁና ይተነፍሳል፣ እሷ ከላይ ሆና ትጠብቀዋለች። ለእሷም ልጆች ተወልደዋል፣ ለልጇም ልጅ ተወልዷል። ቤቴ ውስጥ የሚወለድ ሁሉ ጠዋት ጠዋት ደጅ ይወጣል፤ ራሱ በሻሽ ተሸፍኖ፣ እግሩ ተገልጦ፣ እዚያ ድንጋይ አጠገብ። አዲስ የመጣች ምራት «ኧረ ምች!» ስትል ወረቀቱን አወጣላታለሁ። «እኔ አይደለሁም፣ የሸንጎ ውሳኔ ነው» እላታለሁ።

ደርግ ወደቀ። ሸንጎውም ፈረሰ። አያ በላይ አረፉ፣ አሁን ደግሞ ተከሳሹም አረፉ። የቀረሁት አመልካቿ ነኝ፤ አፈጻጸሙን እንድከታተል ታዝዣለሁና እየተከታተልኩ ነው።

መርዶዬን በሰማሁ ማግስት የልጅ ልጄን ልጅ ይዤ ወጣሁ። የእጄን ጀርባ ድንጋዩ ላይ አሳረፍኩ። ገና ነው፣ ቀዝቃዛ ነው። ትንሽ ቆይታ ፀሐይ ከአሸተን ብቅ አለች፤ እንደገና ነካሁት።

«እም…» አልኩ። ሕፃኑን ገለጥኩት፤ እግሩን ዘረጋ።